ለአፄ ካሌብ የተሳልከው ጃንጥላ

ደምሴዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል። አንተን እንደዚያ ብዬ መጠየቅ ስለማልችል ዘልዬዋለሁ። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እኔ ደህና ነኝ፣ ልጃችን ረድኤትም ደህና ናት። ግን ተናድጃለሁ። በአንተ ተናድጃለሁ፣ በሁለት የብራዚል ሰዎች ተናድጃለሁ፣ በራሴም ተናድጃለሁ። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ ወሬ ከመሃል ሲጀመር እንደማትወድ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን። ሎስ አንጀለስ፣ ከዊልሻየር መንገድ ጀርባ ያለችው አፓርታማችን ያው ናት፤ ሊፍቱ ዛሬም ይበላሻል፣ ማኔጀሩም ዛሬም «ነገ ይሠራል» ይላል። ረድኤት ትምህርቷን ጨርሳ ጥርስ ሐኪም ቤት ሥራ ይዛለች። እኔ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ያሉትን አሮጊት እስካሁን እየተንከባከብኩ ነው። «ሾፌሩ ባልሽ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ሞቷል ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፣ ሦስቴም እንደ አዲስ አለቀሱ። አሁን «ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው» እላቸዋለሁ። ፌርፋክስ ላይ ከሾፌር ጓደኞችህ ጋር የምትቀመጥበት ካፌ ባለቤት ቀይሯል። አዲሱ ሰውዬ አንድ ማኪያቶ ይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ አይቻልም የሚል ወረቀት ለጠፈ። ሰይድ ወረቀቱን አንብቦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ሦስት ሰዓት ተቀመጠ።

ሰይድን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሙት ዓመትህ እስኪወጣ መኪናህን አላስነካም ብዬ ነበር። ፓርኪንጉ ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆመች፤ እኔ መንዳት አልችል፣ ረድኤት የራሷ አላት። መስከረም ላይ ዓመትህን አወጣንና ለሰይድ ለቀቅኩለት። ሃያ ዓመት ኤርፖርት አብራችሁ ተሰልፋችኋል፣ ባዕድ ከሚነዳት የወሎው ወንድምህ ይንዳት አልኩ። በሳምንቱ በሬን አንኳኳ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር እንደ ሕፃን ታቅፏል።

«ውድዬ፣ ትራንኩን ክሊን ሳደርግ ነው ያገኘሁት» አለኝ። «እኔ አልከፈትኩትም። ወረቀቱን ብቻ ነው ያየሁት።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ያንተ እጅ ጽሕፈት ነው። «ስለት። ለአፄ ካሌብ። ብራዚል።» ሌላ ምንም የለም። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርገው የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። የስለት ጃንጥላ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ አይዘረጋም ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ፣ ስለዚህ አልዘረጋሁትም። መልሼ ጠቀለልኩት። ከዚያ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ተናደድኩ።

የካሌብን ነገር ለእኔ ማን ያስረዳኛል? ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን ከኤርፖርት የጫንካት ብራዚላዊት ሴት፣ ፍሪዌዩ ተዘግቶ ቆማችሁ ስትጨዋወቱ ከየት እንደሆንክ ጠየቀችህ። ኢትዮጵያ ስትላት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችህ። ጥቁር ንጉሥ ነው፣ ጦር የያዘ፣ ከእግሩ ስር ነጭ ንጉሥ የረገጠ። በአገሯ ባሮች ወርቅ ይቆፍሩበት የነበረ ተራራ አለ፣ ባሮቹ ለራሳቸው በሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ ኤልስባዎ ይባላል አለችህ። ቤት መጥተህ መጽሐፍ ስትገለብጥ አመሸህና የየመንን ንጉሥ የወጋው አፄ ካሌብ መሆኑን አገኘኸው። እለ አጽብሐ የሚለው ስሙ ነው ባሕር ሲሻገር ኤልስባዎ የሆነው አልከን። የሎተሪ ዕጣ የወጣለት ሰው እንኳ እንደዚያ አይሆንም።

እኔና ረድኤት ሳቅንብህ። «ካሌብ ብራዚል ምን ይሠራል፣ ዲቪ ደርሶት ነው?» አልኩህ። አንተ አልሳቅክም። ሴትየዋ ሌላም ነገር ነግራሃለች። ወርቅ የሚቆፍሩት ሰዎች የወርቁን ብናኝ በፀጉራቸው ውስጥ ደብቀው እየወጡ በዚያ ቤተ ክርስቲያን የጠበል ገንዳ ይታጠቡ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑም የተሠራው ከገንዳው ስር በተጠራቀመው ነው ይባላል። እሱን ስትነግረኝ እጅህ ፀጉርህ ላይ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ከሞትክ በኋላ ነው። አንተ ሃያ ዓመት ሳይሞላህ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ወርቅ ማውጫ፣ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበትህ ቆመህ ወርቅ አጥበሃል። ስትወጡ በሩ ላይ ፀጉራችሁን በጣት ይበረብሩት ነበር፤ በኋላ መበርበሩ ሰለቻቸውና ሁላችሁንም ላጯችሁ። ስለዚህ ነገር በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያወራኸኝ። ወርቅ ቤታችን አላስገባህም። ለሠርጋችን እንኳ ያሰርክልኝ የብር ቀለበት ነው፤ እህቶቼ ስንት ቀን እንዳሙህ አታውቅም።

እና የተናደድኩት ለምን ነው? በሽታህን ያገኙልህ ጊዜ ተስለህ፣ ለእኔ ሳትነግረኝ ጃንጥላ ገዝተህ ትራንክ ውስጥ የደበቅክ መሰለኝ። እኔ እኮ ያንተ ሕመም ሊጀምር ዓመት ሲቀረው ታምሜ ጡቴን ሲቆርጡኝ አንዲት ነገር አልደበቅኩህም። ፍርሃቴን ነገርኩህ፣ ሕልሜን ነገርኩህ፣ ብሞት የትኛዋን ሴት እንዳታገባ ሳይቀር ነገርኩህ። አንተ ቤት ሂድ ስትባል እምቢ ብለህ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ መኪናህ ውስጥ ትተኛ ነበር፣ ጠዋት ሸሚዝህ ተጨማዶ ትመጣና «ደህና ነው ያደርኩት» ትላለህ። ሁልጊዜ ደህና ነህ። የቆሽት ካንሰሩ ሲበላህም ደህና ነበርክ። የሞትከውም ደህና ነኝ እያልክ ነው።

በእግዚአብሔርም ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። ሰው ጃንጥላ ገዝቶ፣ ስምህን ጠርቶ፣ አቅሙ በፈቀደ ሲለምንህ ዝም ትላለህ? የንስሐ አባታችን ሲሰሙ፣ ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው፣ እሱ አልዳነም፣ ስለዚህ አትጨነቂ፣ ጃንጥላውን እዚሁ ለደብራችን ስጪው አሉኝ። መልካም ሐሳብ ነው። ሰይድ ግን አልተዋጠለትም። እኛ ወሎ ስለት ለሰጠኸው ነው እንጂ ለቀረበህ አይሰጥም አለኝ። «ሶ፣ ሰመረም አልሰመረም ለባለቤቱ ይድረስ። እኔ ያንን መኪና ስነዳ ኮምፈርት አይሰማኝም።»

እኔም አልተመቸኝም ነበር። ያልደረሰ ስለት ከኋላህ ትተህ እንደተኛህ እያሰብኩ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ሦስት ወር አለፈኝ። ጥር ሲገባ ከሥራ ሁለት ሳምንት ጠየቅኩ፣ ረድኤትም እንዲሁ፣ ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልዬ ሄድን። ኤርፖርት ላይ ፈታሾቹ ሦስት ሆነው አገላበጡት። አንዷ ልትዘረጋው ስትል እጇን ያዝኩ። ያን ጊዜ ሊያስሩኝ ነበር፣ ረድኤት በስንት ይቅርታ አወጣችኝ።

የወርቅ ከተሞቹ አገር ሚናስ ዤራይስ ይባላል። ተራራ ላይ ተራራ ነው፣ አፈሩ ቀይ፣ መንገዱ ድንጋይ፣ በየጉብታው ቤተ ክርስቲያን። ረድኤት መኪና ተከራይታ እየነዳች «ማሚ፣ እዚህ ሁሉም ሰው እንደ ጋሼ ሰይድ ነው ድራይቭ የሚያደርገው» ትላለች። ሦስት ከተማ ነው ያየነው። ስማቸውን አልጽፍልህም፤ አንተ ታውቃቸዋለህ፣ ሌላ ሰው ቢያነብ ደግሞ ሰው ያማሁ እንዳይመስል።

በመጀመሪያው ከተማ የገባንበት ቤተ ክርስቲያን ከወለል እስከ ጣሪያ ወርቅ ነው። ዓምዱ ወርቅ፣ መላእክቱ ወርቅ፣ የወይን ሐረጉ ወርቅ። ሰዎች አንገታቸውን አቅንተው «አቤት ውበቱ» ይላሉ። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ረድኤት ከመጽሐፉ እያነበበች ታስረዳኝ ጀመር። የነጮቹ ማኅበር የራሱ ቤተ ክርስቲያን ነበረው፣ የክልሶቹ የራሱ፣ የጥቁሮቹ የራሱ። ይህንን ሁሉ ወርቅ ከመሬት ያወጡት ሰዎች ወርቁ የተለጠፈበት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቅዳሴ አይሰሙም ነበር። አፌን ዘጋሁ። ቀለበቴን ነካሁት፣ ብሩን። ለምን ወርቅ እንዳላሰርክልኝ ያን ጊዜ ገባኝ፣ ሰላሳ ዓመት ዘግይቼ።

ሁለተኛው ከተማ ማዕድኑ ውስጥ ወረድን። አንተ ብትኖር አትወርድም ነበር። ከዋሻው አፍ ላይ አስጎብኚው የፕላስቲክ ቆብ አደለን። ጣሪያው ከማጠሩ የተነሳ ወገቤን አጉብጬ ነው የገባሁት፣ ግድግዳው ላይ የመዶሻው ምት አንድ ባንድ ይታያል። ለዚህ ሥራ አጫጭሮቹን ይመርጡ ነበር አለ ሰውዬው፣ ሰዉም ሳቀ። አንዱ ቱሪስት ተንበርክኮ የሚቆፍር መስሎ ፎቶ ተነሳ። ይህንንም ዋጥኩት። ቀጥሎ ግን ባሮቹ ከአፍሪካ ሲመጡ ምንም ሙያ አልነበራቸውም፣ ሥራውን ያስተማሯቸው ፖርቹጋሎቹ ናቸው አለ።

ያቺ የጫንካት ሴት እንደዚያ አይደለም የነገረችህ። ወርቅ ማጠብ የሚያውቁትን ሰዎች ከወርቅ አገራቸው መርጠው ነው ያመጧቸው፣ የመጡትም እውቀቱን በጭንቅላታቸው ይዘው ነው ብላሃለች። «ረድኤት፣ ተርጉሚልኝ» አልኩ። «ማሚ ፕሊስ፣ እዚህ ሲን አንፍጠር» አለች። ፈጠርን፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። ባለሙያውን ሰርቆ ወስዶ፣ ሙያውን አስወጥቶ፣ ሲያበቃ መሃይም ነበር ማለት የሌባ ዓይነ ደረቅ ነው በይልኝ አልኳት። ምን ያህሉን እንደተረጎመች አላውቅም። እዚህ ሎስ አንጀለስ ከስፓኒሽ ተናጋሪ ታካሚዎች ጋር ስትሠራ የለመደችውን ስፓኒሽ ነው የምትናገረው፣ እነሱ በፖርቹጋልኛ ይመልሳሉ፣ እንደምንም ይግባባሉ። ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀና የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለው እንደዚህ ነው አለ። ቆቡን መለስኩለትና ወጣሁ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች አብረውኝ ወጡ፣ ጥቁር ባልና ሚስት።

ሦስተኛው ያንተ ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከተማውን አልፎ ዳገት ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ በእግሬ ወጣሁት። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅኩና ገባሁ። ያንተው ካሌብ በቀኝ በኩል ካለው መንበር ላይ ቆሟል። ደምሴዬ፣ ፎቶው አልዋሸህም። ጥቁር ነው፣ ጦሩን ይዟል፣ ንጉሡን ረግጧል። የእነሱን መነኩሴ ልብስ አልብሰውታል። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፣ ቆይቶ ሳስበው እሱም መጨረሻው ላይ ዘውዱን ኢየሩሳሌም ልኮ መንኩሷል፣ እንግዲህ ይሁን አልኩ። ከስሩ ያለው ጽሑፍ ግን አላስቻለኝም። «ጥቁር ቅዱስ» ብቻ ይላል። አገር የለውም፣ ሥራ የለውም፣ ዘመን የለውም። ጥቁር። በቃ።

ከመሃል ደግሞ በእጇ ቤተ ክርስቲያን የያዘች ጥቁር ሴት አለች። ረድኤት አነበበችልኝ፤ ቅድስት ኤፊጄንያ፣ ሐዋርያው ማቴዎስ ያጠመቃት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ይላል። እኔ ስሟን ሰምቼ አላውቅም። ይኸው ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ስንክሳር ሲነበብ ቆሜ ያረጀሁ ሴት፣ ይህችን ልጅ አላውቃትም። የማያውቁት ሰዎች ካሌብን ጥቁር ብለው ዘጉት ብዬ እየተቆጣሁ፣ እኔ ደግሞ ልጃችን የተባለችውን ለሦስት መቶ ዓመት ሰው አገር ሻማ ሲበራላት አልሰማሁም። በራሴ የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው።

ይህን እያሰብኩ ከኋላዬ አንድ ሰው ይጠራኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ነው፣ ጢሙን ያሳመረ ጎልማሳ፣ ጫማዬን በሁለት እጁ ይዞ። የረሳሁት መስሎት ነው። ልቀበለው ስል ነጠላውን አየና ምንድን ነው አለ። ረድኤት አስረዳችው፤ አባቴ የተሳለው ነው፣ ለዚህ ቅዱስ ነው አለችው። ሰውዬው በትሕትና ሰማትና እምቢ አለ። ይህ ቤት ቅርስ ነው፣ ከውስጡ ሚስማር አይወጣም፣ ወደ ውስጡም ሚስማር አይገባም፣ ሕጉ ነው አለ። ጃንጥላ ነው እንጂ ሚስማር አይደለም አልኩት። ሕጉ ነው አለ። እኔ ከአፄ ካሌብ አገር ነው የመጣሁት፣ የባለቤቱ ዘመድ ነኝ አልኩት። ሕጉ ነው። ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች ከፀጉራቸው ያራገፉትን ሲሰጡ ሕግ ጠይቀው ነበር ወይ አልኩት። ረድኤት ይህንን አልተረጎመችውም፣ ፊቴ ግን ተርጉሞታል መሰለኝ ሰውዬው ዓይኑን ሰበረ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ በባዶ እግሬ፣ ጃንጥላውን ጭኔ ላይ አጋድሜ። አለቀስኩ። ካንተ ጋር ተጣላሁ። ምን አባክ ሊያደርግልህ ለማይቀበል ቤት ተሳልክ አልኩህ። ይህችን ስድብ ይቅር በለኝ፣ ሌሎቹን አላነሳሁም።

ከእኔ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ አንዲት አሮጊት ሪባን ትሰፋ ነበር። ዶና ዙልሚራ ትባላለች፣ ዶና እንደኛ ወይዘሮ ማለት ነው። እድሜዋ ሰማንያን ያለፈ ይመስለኛል፣ ያንን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱት ሰዎች ማኅበር ዛሬም አለ፣ የሴቶቹ አለቃ ነች። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም፣ ጃንጥላውን ብቻ በጣቷ ጠቆመችና ስጪኝ አለች። ሰጠኋት። ነጠላውን ገለጠችና ዘረጋችው። እጇን ልይዝ ብድግ አልኩና ተውኩት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ነን፣ ደርሷል።

አንድ ሽቦው ተጣሟል። ያንተ ተሳፋሪዎች ሻንጣ ነው ያጣመመው። ዶና ዙልሚራ ከንፈሯን መጥጣ ሽቦውን በጥርሷና በእጇ አቀናችው፣ በክርም አሰረችው። ስታስረው ከፋዩን ወደ ውስጥ ገልበጥ አደረገችና ቆም አለች፣ ጠርዙ ላይ ያለ ነገር አሳየችኝ። በነጭ ክር የተሰፋ ጽሑፍ ነው። ስፌቱ ያንተ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሸሚዝህን ቁልፍ ስትተክል ያየሁት ያ ጠማማ ስፌት።

«ስለ ወለተ ሐና ምሕረት» ይላል።

ወለተ ሐና እኔ ነኝ። የክርስትና ስሜን እዚያ አገር የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ረድኤት እንኳ «ማሚ፣ ምንድነው የሚለው፣ ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። ለካ የተሳልከው ያንተ በሽታ ጊዜ አይደለም። ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናህ ውስጥ ስታድር ነው። ንስሐ አባታችን ተሳስተዋል፣ ሰይድም እኔም ተሳስተናል። ስለቱ ሰምሯል። ማስረጃው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የማለቅሰው እኔ ነኝ፣ ዳገቱን በእግሬ የወጣሁት።

አሁን ደግሞ ስማኝ፣ ንዴቴ አላለቀም። እኔ ድኜ ከሆስፒታል ወጣሁ፣ አንተም ሥራህን ልትሠራ፣ ዕረፍት ልትወስድ፣ ስለቱን ይዘህ ልትሄድ ስታስብ ታመምክ። ታዲያ ያን ጊዜ ለራስህ ለምን አልተሳልክም? አውቅሃለሁ እኮ። የመጀመሪያው ሳይደርስ ሁለተኛ መለመን አፍረህ ነው። ሰው ከሱቅ የወሰደውን ሳይከፍል ተመልሶ እንደማይገባ፣ አንተም በካሌብ ፊት ዓይንህ አልቀና አለ። ለእኔ ብትነግረኝ በማግስቱ ይዤው እሄድ ነበር! በተሰፋ ቁስሌ እሄድ ነበር። ከዚያ አንተ ደግሞ ለራስህ በንጹሕ አፍ ትለምን ነበር። ትድን ነበር አልልህም፣ እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ሳትለምን አትሞትም ነበር። ይህንን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ፣ ገና ነኝ፣ አታስቸኩለኝ።

ዶና ዙልሚራ የሆነውን ከረድኤት ሰማች። ብድግ አለችና በጠባቂው ላይ በአገሯ ቋንቋ የወረደችበትን ረድኤት ግማሹ አልገባኝም አለች። የገባት ይህ ነው፤ ቤቱ የሕግ ይሁን፣ መንገዱ ግን የእኛ ነው። እሑድ የማኅበሩ በዓል ነበር። በበዓሉ ከመካከላቸው ንጉሥና ንግሥት ይመርጣሉ፣ ከበሮ እየመቱ በከተማው ይዞራሉ፣ ንጉሡም ጃንጥላ ይያዝለታል። እኔ ጥር ወር ላይ እየዘፈነ በጃንጥላ ስር የሚሄድ ሰልፍ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእነሱ ጃንጥላ አምና በዝናብ ተቀዶ ዘንድሮ የዝናብ ጃንጥላ ሊይዙ ነበር አሉ፣ ጥቁር፣ ከሱቅ የተገዛ።

ንጉሡ በሥራ ቀን ግንበኛ ነው፣ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው። እሑድ ከሰዓት ያንተን ጃንጥላ እኔ ያዝኩለት። ከዳገቱ ጫፍ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ዳገቱ ጫፍ። እጄ ሲዝል ሌላ ሰው ሊቀበለኝ መጣ፣ አልሰጥም አልኩ። ሲቀጥል ሁለተኛ መጣ፣ እሱንም መለስኩት። ጫማዬን አውልቄ ነበር፤ ስለት ይዤ ጫማ አላደርግም። ድንጋዩ ያቃጥላል። ዘወር ስል ያ ጠባቂ ከሰልፉ ኋላ ይከተላል፣ ጫማዬን ደረቱ ላይ አቅፎ። ሕጉን አልተወም፣ ጫማዬንም አልጣለም። ለእሱ ያለኝ ንዴት እዚያው ወጣልኝ።

ሰልፉ ሲመለስ የካሌብን ሐውልት ማኅበርተኞቹ ተሸክመው ደጃፉ ላይ አወጡት። ዶና ዙልሚራ እጄን ይዛ አቀረበችኝና ጃንጥላውን ከላዩ ዘረጋሁት። «ኢትዮጵያ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ አንዴ ብቻ። እዚያ ያሉት ሁሉ ደገሙት። ጽሑፉ ላይ የጎደለችው ቃል ያቺ ነበረች።

ጃንጥላው እዚያው ቀርቷል፣ በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ይወጣል። ልንለያይ ስንል ዶና ዙልሚራ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ አለችኝ። መርፌ ስጪኝ አልኳት። ቀዩን የሪባን ክር ከነመርፌው ሰጠችኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ከወለተ ሐና ጎን፣ ከፋዩ ውስጥ፣ «ኃይለ ገብርኤል» ብዬ የክርስትና ስምህን ሰፋሁት። ስፌቴ ካንተ አይሻልም፣ መነጽሬንም ሆቴል ረስቼው ነበር።

እኔ የምረሳ ሰው አይደለሁም፣ በተለይ የተናደድኩበትን። አንተን የምረሳህ ያ ክር የተተረተረ ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ ድርብ አድርጌ ነው የሰፋሁት።

ያዳንካት፣
ውድነሽ